ኮፍያቸውን ለምን አወለቁ?

«ፍየሏን ግን የት ደበቋት?» አለች ሳያት።

ጋሼ ገዛኸኝ ወዲያው አልመለሱላትም። የስፌት መኪናውን ገልብጠው፣ ሁለት ጣታቸውን ወደ ሆዱ ሰደው፣ አንዲት ብሎን እየፈለጉ ነበር። ሁለቱም ዓይኖቻቸውን ሞራ ከጋረዳቸው ሦስተኛ ዓመቱ ነው፤ ሆኖም መቱ ከተማ ውስጥ ሲንጀር የተበላሸበት ሰው አሁንም የሚሮጠው ወደ እሳቸው ነው። ጣታቸው ያያል ይባላል።

«ዱቄት ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ፤» አሉ በመጨረሻ ብሎኗን አግኝተው። «ካፒቴኑ ለፍተሻ ሲወርድ ወጥ ሠሪው ጎትቶ እዚያ ከተታት። ካፒቴኑ በሩን ሲከፍት ምን ወጣ መሰለሽ? ነጭ ሰይጣን። ዱቄት ለብሳ ቀንድና ዓይን ብቻ ቀርታለች።»

ሳያት ሳቀች። ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ እዚያ ሱቅ የመጣችውም ስለ ፍየል ልትሰማ አልነበረም። እናቷ ዘውደነሽ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋበት መኪና ጥርሱ ተበልቶ ጋሼ ገዛኸኝ ዘንድ ከገባ ሳምንት አልፎታል። መለዋወጫው ከጅማ እስኪመጣ ድረስ ሳያት ከትምህርት ቤት ስትመለስ «መጣ ወይ?» ብላ እንድትጠይቅ ታዛለች። የመጀመሪያው ቀን ጠይቃ ተመለሰች። በሁለተኛው ቀን ዝናብ ይዟት ቆርቆሮው ሥር ስትጠለል ጋሼ የአንድ የመርከብ ፊልም ታሪክ ይነግሯት ጀመር። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ባይኖርም ትቀመጣለች።

ጋሼ ገዛኸኝ በወጣትነታቸው የባሕር ኃይል ባልደረባ፣ የመርከብ ሞተር ሠራተኛ ነበሩ። ከባሕር ይህን ያህል በራቀ ከተማ አንድ ባሕረኛ ምን እንደሚሠራ ሳያትን ብዙ ጊዜ ገርሟታል፤ ጠይቃ ግን አታውቅም። እሳቸውም የሚያወሩት ስለ ነበሩበት ጦርነት ሳይሆን ስለ ፊልሙ ነው። ምጽዋ ላይ፣ ወደቡ ዳር ባለ ግንብ፣ ነጭ አቡጀዲ ተወጥሮ ይታይ የነበረ፣ ከንጉሡ ዘመን የተረፈ ጥቁርና ነጭ ፊልም። ታሪኩ በፈረንጆቹ ትልቁ ጦርነት ጊዜ ነው። ለጦር መርከቦች የሚጠጣ ውሃ የምታመላልስ አንዲት ትንሽ መርከብ አለች። መርከበኞቿ አንድ ጥይት ሳይተኩሱ ዓመት ሞልቷቸዋል። ሌሎቹ «ውሃ ቀጂዎች» እያሉ ይስቁባቸዋል። እነሱም ሲሰለቻቸው ከአንድ ደሴት ፍየል ሰርቀው ያሳፍራሉ፤ ከዚያ ፊልሙን ሙሉ ከካፒቴኑ ሲደብቋት ይኖራሉ።

ፊልሙ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነበር። ከጋሼ ጓዶች ደግሞ እንግሊዝኛ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ በዳሳ የሚባል የዚሁ አካባቢ፣ የሁሩሙ ልጅ፣ ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረ። በዳሳ አቡጀዲው ጎን ቆሞ፣ በድምፅ ማጉያ፣ እያንዳንዱን ንግግር ወደ አማርኛ ይመልስላቸዋል። ለካፒቴኑ ወፍራም ድምፅ፣ ለወጥ ሠሪው እንደ ማፏጨት የሚል ቀጭን ድምፅ ነበረው። ፍየሏ እንኳን የራሷ ድምፅ ነበራት። ካፒቴኑ ተቆጥቶ ወጥ ሠሪውን «አንተ ንብ የሸሸው ቀፎ!» ሲለው ወደቡ በሳቅ ይናጋ ነበር ይላሉ ጋሼ።

ያን ቀን መጨረሻውን ነገሯት። መርከቧን የባሕር ፈንጂ ይመታታል፣ ሰዎቹ ግን ይተርፋሉ። በነጋታው ትንሽ ጀልባ ላይ ተሰብስበው፣ ፍየሏም አብራቸው ሆና፣ ካፒቴኑ ከኪሱ እርጥብ ወረቀት አውጥቶ ማንበብ ይጀምራል። በዳሳ እንዳለው ወረቀቱ የእረፍት ፈቃድ ያገኙ ሰዎች ዝርዝር ነው፤ ስሙ የተጠራ ሁሉ አገሩ ይገባል። የወጥ ሠሪው ስም ሲጠራ ሰውዬው የለም። ቀድሞ በሌላ ጀልባ ወደ እናቱ ሄዷል። ጓደኞቹም በአንድ ድምፅ «እንኳን ደስ ያለህ!» ይላሉ። ፊልሙ በዚያው አለቀ።

«አሪፍ ነው፤» አለች ሳያት።

ጋሼ ብሎኗን ጨርቅ ላይ አስቀመጡ። «ስድስት ጊዜ አይቼዋለሁ። ስድስቱንም ጊዜ፣ የወጥ ሠሪው ስም ሲጠራ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ። እንኳን ደስ ያለህ ለማለት ኮፍያ ይወለቃል እንዴ?»

ሳያት አሰበች፤ አላውቅም አለች።

«እኔም አላውቅም። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ አላውቅም። አንቺ በእንግሊዝኛ ጎበዝ ነሽ ይላሉ። ያን ፊልም ፈልጊልኝ። እዚያች ቦታ ላይ የሚሉትን፣ ቃሉን፣ እንዳለ ንገሪኝ።»

ፍለጋው አሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ጋሼ የፊልሙን ርዕስ አያውቁም፤ የተዋናዮቹንም ስም። ሳያት የነበራት አንድ መርከብ፣ አንድ ወፍራም ወጥ ሠሪና አንዲት ፍየል ብቻ ነው። እነዚህን በእንግሊዝኛ ስልኳ ላይ ስትጽፍ መጀመሪያ የመጣላት የካርቱን ፊልም ነበር፤ ቀጥሎ ፍየል እንዴት እንደሚታለብ የሚያስተምር ሰውዬ፤ ቀጥሎ በሺህ የሚቆጠሩ በጎች የጫነ መርከብ። ኔትወርኩ እየመጣ ይሄዳል። ጓደኛዋ ሴና መጀመሪያ ሳቀችባት፤ ኋላ ግን እሷም ገባችበት። ሁለቱ በእረፍት ሰዓት ግድግዳ ተደግፈው ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ሲያገላብጡ ያየ የክፍል ልጅ ሁሉ ምን እንደነካቸው ይጠይቅ ጀመር።

መለዋወጫው እንደሆነ ገና አልመጣም። እናቷ ከጎረቤት መኪና ተውሳ እየሰፋች፣ እንኳንም ጋሼ ገዛኸኝ ሥራ አላጡ፣ አንቺም ፊልም አላጣሽ እያለች ታሽሟጥጣት ነበር።

በመጨረሻ የድሮ ፊልም ወዳጆች ተሰብስበው የሚያወሩበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ጥያቄዋን ጻፈች። ከየት አገር እንደሆነ የማታውቀው ሰው በሦስተኛው ቀን መለሰላት፦ ፍየሏ ዱቄት ውስጥ የምትገባበት ነው? ሳያት መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ርዕሱ «ንጹህ ውሃ» ነው፤ ስለ ፍየል የሚል ነገር የለበትም። የሴና ታላቅ እህት አቢጋኤል ዩኒቨርሲቲ ትማራለችና እዚያ ካለው ኢንተርኔት አውርዳ በፍላሽ አመጣችላቸው። ላፕቶፗንም ለሁለት ሳምንት አዋሰቻቸው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሴና ቤት ተቀምጠው አዩት። የሳያት ኩራት በመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ተነፈሰ። መምህራቸው ቃል በቃል እየረገጠ የሚናገረው እንግሊዝኛና እነዚህ ሰዎች ግማሹን እየዋጡ የሚናገሩት እንግሊዝኛ የአንድ አገር ቋንቋ አይመስልም። ደግነቱ ከሥር ጽሑፍ ነበረው። እያቆመች፣ ወደ ኋላ እየመለሰች፣ ያላወቀችውን ከመዝገበ ቃላት እየፈለገች ሄደች።

ያስገረማት ጋሼ የነገሯት ሁሉ መኖሩ ነው። ፍየሏ አለች፣ ዱቄቱ አለ፤ የወጥ ሠሪው ሆድ እንኳን እጃቸውን ዘርግተው ያሳዩዋትን ያህል ነው። አንዳንድ ነገር ግን የለም። ካፒቴኑ ተቆጥቶ አፉን ሲከፍት ሳያት ቀፎውን ጠበቀች። ካፒቴኑ ያለው «ውጣ» ብቻ ነበር። ሦስት ጊዜ መልሳ አዳመጠችው። ውጣ። ቀፎውና የሸሸችው ንብ የበዳሳ ናቸው። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ሁለት ሆነላት፤ ሰዎቹ የሚሉትን እየሰማች፣ በዳሳ እዚህ ጋ ምን ብሎ ይሆን እያለች።

ከዚያ ፈንጂው መጣ። ውሃው ሲገባ ሦስት ሰዎች ሞተር ክፍል ውስጥ ይቀራሉ፤ በሩ ይዘጋባቸዋል። ሲያስቃቸው የቆየው ወጥ ሠሪ መጥረቢያ ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። ሦስቱ ይወጣሉ። እሱ አይወጣም።

ጠዋት ነው፣ ባሕሩ ጸጥ ብሏል፣ ካፒቴኑ ፍየሏን ጭኑ ላይ ታቅፎ ወረቀቱን ያወጣል። ከፊልሙ ሁሉ ቀላሉ እንግሊዝኛ እዚያ ነበር፤ የአንደኛ ክፍል ልጅም ይገባዋል። ስም ይጠራል፤ ስሙ የተጠራው ይመልሳል። የእረፍት ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። ስም ጥሪ ነው፤ ማን እንደተረፈና ማን እንደቀረ ለማወቅ።

ሴና ዓይኗን በሹራቧ እጅጌ ጠረገች። ትንሽ ቆይታ ግን ነገሩን ቀላል አደረገችው። ሰውዬው ዕድሜ ልካቸውን ደስ ብሏቸው የኖሩበት ፊልም ነው፤ ጓደኛቸው እንዳለው ብለሽ ንገሪያቸው፣ በቃ አለቻት።

«ቃሉን ነው የጠየቁኝ፤» አለች ሳያት።

«ባክሽ አታካብጂ። ፋዘሩን አስለቅሰሽ ምን ታተርፊያለሽ? ደግሞ ማን ያጣራብሻል?»

ሳያት ላፕቶፑን ዘጋች።

መለዋወጫው ዓርብ ገባ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳያት ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልላ ጋሼ ሱቅ ስትደርስ የእናቷ መኪና ተገጥሞ፣ ዘይት ጠጥቶ፣ ተወልውሎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር። ጋሼ ጸጉራቸውን ተስተካክለዋል። ንጹህ ሸሚዝም ለብሰዋል።

በሩን ገርበብ አድርገው ተቀመጡ። ጋሼ ስክሪኑ ላይ ጥላ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የሚታያቸው፤ ስለዚህ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ። ሳያት ከጎን ከጎን እየተረጎመች ትነግራቸዋለች፤ እሳቸው ግን ብዙውን ጊዜ ይቀድሟታል። ፍየሏ ዱቄት ክፍል ከመግባቷ በፊት ሳቃቸው ይመጣል። አንድ ቦታ ላይ የሞተሩን ድምፅ ሰምተው «ይሄኛው ቫልቩ ልክ አይደለም» አሉ፤ ፊልሙ ላይም ወዲያው ሞተሩ ቆመ።

ጀልባዋ ጋ ሲደርሱ ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ። ጋሼ ድምፁን ጨምሪው አሉ። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን አቀረቀሩ። ካፒቴኑ የመጀመሪያውን ስም ጠራ። ሳያት ወደ ጋሼ ዞረች። የተስተካከለውን ጸጉራቸውን አየች፤ ሸሚዛቸውን አየች።

«የእረፍት ፈቃድ ዝርዝር ነው፤» አለች። «አገራቸው የሚገቡትን እየጠራ ነው።»

ስም ተጠራ፣ ተመለሰ፤ ስም ተጠራ፣ ተመለሰ። የወጥ ሠሪው ተራ ደረሰ። ሳያት «እንኳን ደስ ያለህ እያሉት ነው» አለች።

«ኮፍያቸውንስ?» አሉ ጋሼ ቀስ ብለው።

«ፀሐይ ወጥቷል... ሞቋቸው መሰለኝ።»

«አሃ፤» አሉ። «ሞቋቸው ነው ለካ።»

ሌላ ነገር አልጠየቋትም። አመሰገኗት፣ ባጃጅ ጠርተው መኪናውን አስጫኑላት፤ በወረቀት የተጠቀለለ አንድ ትንሽ ነገርም ለእናትሽ ስጪ ብለው እጇ ላይ አኖሩ። ሳያት ባጃጁ ውስጥ ሆና ዞር ስትል፣ ሱቃቸው ደጅ ላይ ቆመው ዝናቡን ያዳምጡ ነበር።

ቤት ስትደርስ እናቷ ወረቀቱን ፈታችው። ውስጡ ጥርሱ የተበላ አሮጌ ብረት ነበር። ዘውደነሽ ወደ ብርሃን ይዛ አገላበጠችውና ሳቅ አለች። ጋሼ ገዛኸኝ ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው አለቻት፤ የተበላሸውን አውጥተው ሳያሳዩ መኪና መልሰው አያውቁም። ስለማላውቅበት ዝም ቢሉኝስ ማን ይጠይቃቸዋል፣ ግን አያደርጉትም አለች።

ሳያት የብረቱን ጥርስ በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ለብዙ ጊዜ ያልጠየቀችውን ጠየቀች፤ ጋሼ ገዛኸኝ መቱ ምን ሊሠሩ መጡ?

እናቷ እየሰፋች ነገረቻት። መጀመሪያ የመጡት ለሦስት ቀን ነበር። በዳሳ የሚባል ጓደኛቸው ምጽዋ ላይ ሞተ። ባሕር ኃይሉ ሲበተን ጋሼ የጓደኛቸውን ሻንጣ ይዘው፣ መንገድ እየጠየቁ ሁሩሙ መጡና ለእናቱ ሰጡ። ለእናትየው የቀረቻቸው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ የበዳሳ ታናሽ እህት ዲሪቤ። ቤቱ ፈርሶ ስላዩት ጣሪያውን ልጠግን ብለው ቆዩ። ጣሪያው ሲያልቅ አጥሩ፣ አጥሩ ሲያልቅ ክረምቱ ገባ። ኋላ መቱ ሱቅ ከፈቱ፤ ሴትየዋ እስኪያርፉ ድረስ በየመስቀሉ እየሄዱ እንጨት ፈለጡላቸው። እናቷ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ሌላ እጅጌ አነሳች።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ሴናን አልጠበቀቻትም። ጋሼ አንድ ሲንጀር ፈተው ክፍሎቹን ጨርቅ ላይ ደርድረው ነበር። በእግሯ ኮቴ አወቋትና መኪናው አስቸገረ ወይ ብለው ጠየቁ። ሳያት ቆማ ቀረች፤ ብትቀመጥ የምትናገረው የሚጠፋባት መሰላት።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ የነገርኩዎት ውሸት ነው።»

«አውቃለሁ፤» አሉ።

ሳያት ደነገጠች።

«የታመመው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም፤ ልጄ። ስሙ የተጠራው ሁሉ አንድ ዓይነት ቃል ነው የሚመልሰው። አጭር ቃል። አገርህ ግባ የተባለ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ይመልሳል? አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ አላምንም ይላል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«አንቺም እንደ በዳሳ ምክንያት ይኖርሻል ብዬ።»

ሳያት ዱካው ላይ ተቀመጠች። ያን ክፍል ስልኳ ላይ ቆርጣ አስቀምጣው ነበር፤ አወጣችና ከፈተችላቸው። በዚህ ጊዜ አልተጣደፈችም። እያንዳንዱ ስም ላይ እያቆመች ነገረቻቸው። «‹ማሎይ› ይላል፤ ሰውዬው ‹አለሁ› ይላል። ‹ፒተርስ› ይላል፤ ‹አለሁ› ይላል።» እንዲህ እያለች ወጥ ሠሪው ጋ ደረሰች። ካፒቴኑ ስሙን ይጠራል። የውሃ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ካፒቴኑ ደግሞ ይጠራዋል። ወጥ ሠሪው ካወጣቸው ከሦስቱ አንዱ ኮፍያውን ያወልቃል፤ ሌሎቹም ተከትለው ያወልቃሉ። ከዚያ ጀልባዋ ላይ ያሉት በሙሉ በአንድ ድምፅ ይመልሱለታል።

«ምን ብለው?»

«‹አለሁ› ብለው።»

ጋሼ ገዛኸኝ እጃቸውን ጨርቁ ላይ ጣል አደረጉ። ቃሉን አንድ ጊዜ ለራሳቸው አሉት። መልሺልኝ አሉ፤ መለሰችላቸው። አልቅሰው ይሆን ብላ አይታቸው ነበር፤ አላለቀሱም። ሲከብዳቸው የኖረ ዕቃ ያስቀመጡ ሰው ይመስሉ ነበር።

ከዚያ የመጀመሪያውን ቀን ነገሯት። ፊልሙ ለመጀመሪያ ጊዜ በታየበት ሳምንት፣ ከጓዶቻቸው መርከቦች አንዷ ወጥታ አልተመለሰችም። አሥራ አንድ ሰው ነበረባት። አዛዡ ሰዉ ከሚተክዝ ይሳቅ ብሎ ፊልሙን አስከፈተ፤ መጨረሻውን ማንም አያውቅም፤ በዳሳም ራሱ አላየውም። ሲያስቃቸው ቆይቶ ጀልባዋ ጋ ሲደርስ በዳሳ ዝም አለ። ለሁለት ትንፋሽ ያህል። ድምፅ ማጉያው የተበላሸ መስሏቸው ዞር አሉ። ከዚያ «የእረፍት ፈቃድ ዝርዝር!» ብሎ ጮኸ። ወደቡ በጭብጨባ ተናወጠ። ሰዉ ስለወደደው ደግመው ደጋግመው አሳዩት፤ በዳሳም ያንኑ ውሸት ስድስት ጊዜ ደገመው።

«አጠገቡ ነበርኩ፤» አሉ። «አንድ ቀን፣ ኮፍያቸውን ለምን አወለቁ አልኩት። ‹አገራችን ስንገባ እነግርሃለሁ› አለኝ። ሁሩሙ ወስዶ ማር እያበላኝ ሊነግረኝ።»

በመንገዱ ላይ ልጆች ኳስ እያሳደዱ አለፉ። ሳያት በዳሳ ዋሸ ወይስ አልዋሸም ብላ ለማሰብ ሞከረች፤ ሁለቱም ልክ አልመጣላትም።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሌላ ነገር አነሱ። ዲሪቤ ወንድሟ ሲሄድ ስድስት ዓመቷ ነበር። ፊቱን ከፎቶ ታውቀዋለች፤ ድምፁን ግን አታስታውስም። ጋሼ ሁሩሙ በሄዱ ቁጥር እሱ ያለውን አንድ ነገር ንገረኝ ትላቸዋለች። ያላቸውን ሁሉ ነግረዋት ጨርሰዋል። ፊልሙን ግን ነግረዋት አያውቁም፤ መጨረሻውን ሳላውቅ ምን ብዬ እነግራታለሁ ብለው። ደግሞም የእሳቸው አፋን ኦሮሞ ለገበያና ለሰላምታ እንጂ እንዲህ ላለው ነገር አይበቃም።

«አንቺ ከእነ ሴና ጋር አድገሽ እንደ አማርኛው ነው የምትናገሪው። ቅዳሜ ሁሩሙ ብንሄድ ትነግሪያታለሽ?»

ሳያት ወዲያው እሺ አለች። ከዚያ አንድ ነገር ቆነጠጣት። «መጨረሻውን የቱን?»

«እሱን እኔን አትጠይቂኝ፤» አሉ ጋሼ፣ አንዲት ብሎን በጣታቸው እየፈለጉ። «በዳሳም ማንንም አልጠየቀም። ተርጓሚው ነው የሚያውቀው።»

ሳምንቱን ሙሉ ያንን ይዛ ዋለች። ለሴና ነገረቻት፤ ሴናም ቅዳሜ ላፕቶፑን ቻርጅ አድርጋ እስከ መናኸሪያ ይዛላት መጣች። ሚኒባሱ ውስጥ ሳያት ንግግሮቹን በልቧ ወደ አፋን ኦሮሞ እየመለሰች ተለማመደች። ካፒቴኑን፣ ወጥ ሠሪውን፣ ፍየሏን። ስም ጥሪው ጋ ስትደርስ «ጅራ» አለች፤ ቆም ብላ ደግሞ አለችው። በአማርኛ ሰው ስለ ራሱ ሲሆን «አለሁ»፣ ስለ ሌላው ሲሆን «አለ» ይላል፤ መምረጥ ግድ ነው። «ጅራ» ሁለቱንም ነው። ጀልባው ላይ ያሉት ስለ ራሳቸው ይናገሩ ወይስ ስለ እሱ መለየት አያስፈልጋትም። አጠገቧ ለተቀመጡት ለጋሼ ልትነግራቸው አሰበችና ተወችው፤ መስኮቱን ተደግፈው እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።

ሁሩሙ ገበያው ደርቶ ነበር። እትዬ ዲሪቤ ማር ነጋዴ ናቸው፤ የማር ባልዲዎቻቸውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው መጡ። ወደ ሃምሳ የተጠጉ፣ ቀልጠፍ ያሉ ሴት ናቸው። ጋሼን እንደ ታላቅ ወንድም አቅፈው ሳሟቸው። ሳያትንም አገላብጠው እየሳሙ የማን ልጅ እንደሆነች፣ ስንተኛ ክፍል እንደሆነች፣ ምሳ በልታ እንደሆነ ጠየቋት። ግድግዳው ላይ በዳሳ ነበር፤ ነጭ የባሕር ኃይል ልብስ የለበሰ፣ ገና በሃያዎቹ ያለ ወጣት። ፎቶው ውስጥ ሳቁን የያዘ ይመስላል።

ጋሼ ፊልሙ ምን እንደሆነና በዳሳ ምን ያደርግ እንደነበር ባላቸው አፋን ኦሮሞ በአጭሩ አስረዱ። እትዬ ዲሪቤ አንድም ቃል ሳያቋርጡ ሰሙ። ከዚያ ወደ ሳያት ዞረው በአፋን ኦሮሞ ጠየቋት።

«ሁሉንም እሱ ነው የተናገረው? የሁሉንም ሰው?»

«የፍየሏንም፤» አለች ሳያት።

ሳቁ። እየሳቁ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ሳያት ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ከፈተች። ጣቷ ቁልፉ ላይ ሆኖ ፎቶውን አየች፣ አቀርቅረው የሚጠብቁትን ጋሼን አየች።

«እትዬ ዲሪቤ፤» አለች በአፋን ኦሮሞ፣ «ሁለት ጊዜ ነው የምነግርዎት። መጀመሪያ ሰዎቹ ያሉትን እነግርዎታለሁ፤ መጨረሻው ያሳዝናል። ሲያልቅ እንደገና ከመጀመሪያው እንጀምርና በዳሳ ያለውን እነግርዎታለሁ። ረጅም ነው። ጊዜ አለዎት?»

እትዬ ዲሪቤ ወደ ገበያው የሚያሳየውን በር ዘጉና ዱካቸውን አስጠግተው ተቀመጡ።